የኮርማው ቁጥርና የላሟ ዕድሜ፦ ዓለም አቀፉ የዘረመል ምዘና ለኢትዮጵያ የወተት ላም አርቢ ምን ይነግረዋል?

አንዲት ድቅል የወተት ጊደር ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትወልድ ድረስ፣ በአብዛኛው አርቢ ቤት ሦስት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለባለቤቷ ወጪ እንጂ ገቢ አታስገኝም። በጥጃነቷ የጠጣችው ወተት፣ ኋላም የበላችው ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ የታከመችበት መድኃኒት ሁሉ የሚመለሰው መታለብ ከጀመረች በኋላ ነው። ይህች ላም አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ወልዳ በጡት በሽታ፣ በሰኮና ሕመም ወይም ደጋግማ ተዳቅላ ባለመፅነሷ ምክንያት ከበረት ብትወጣ የማሳደጊያ ወጪዋን ሳትመልስ ሄደች ማለት ነው። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። ሁለት ጊዜ ከወለደች ላም በአማካይ የሚጠበቀው አንዲት ሴት ጥጃ ብቻ ነው። ያቺ ጥጃ በጨቅላነቷ ብትሞት ወይም አድጋ ባትፀንስ በረቱ ተተኪ አይኖረውም፤ አርቢውም እንደገና ከገበያ ጊደር ለመግዛት ይገደዳል። አምስት ጊዜ የወለደች ላም ግን ሁለት ወይም ሦስት ሴት ጥጆችን ትታ ታልፋለች፤ አንዷ ትተካታለች፣ ሌላዋ ለሽያጭ ትተርፋለች።

ላም ያላቸው ዜጎች የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት ሲፈልጉ ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ የዚህ ኮርማ ልጆች ስንት ሊትር ይሰጣሉ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምትወለደው ላም በበረት ውስጥ ስንት ዓመት ትቆያለች የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ሆኖም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አኃዝ በዓለም ላይ አለ፤ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ እየታደሰ ይወጣል፤ ከውጭ በሚገባ አባለዘር ካታሎግ ላይም ታትሞ ይገኛል። አኃዙ እንዴት እንደሚገኝ፣ በአገራችን በረት ምን ያህል እንደሚታመንና የት ላይ እንደሚያቆም መረዳት ለአገልግሎት ፈላጊው ጠቃሚ በመሆኑ ቀጥሎ ቀርቧል።

የላም ተፈጥሯዊ ዕድሜ ሃያ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ወተትን በከፍተኛ ግብዓት በሚያመርቱ አገሮች ግን የሆልስታይን ላሞች በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው፣ ማለትም ሦስት ያህል የአለባ ዘመን እንኳ ሳያጠናቅቁ፣ ከመንጋ ይወጣሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኮርማ ሲመረጥ በነበረበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ምርጫው በወተት መጠን ላይ ብቻ ያተኮረ ነበር። ወተቱ ጨመረ፤ የመፅነስ ችሎታው ግን ቀነሰ፤ የጡት በሽታም አርቢውን አስቸገረ። ኖርዌይና ጎረቤቶቿ ጤንነትንና የመፅነስ ችሎታን ቀድመው፣ ኖርዌይ እንዲያውም ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በምርጫ መስፈርታቸው ውስጥ በማካተታቸው ከዚህ ችግር በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል። አሜሪካ የላሞችን «የምርት ዕድሜ» የሚለካ የኮርማ ምዘና ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ኮርማ አይታለብም፤ የሚመዘነው በሴት ልጆቹ ነው። ለወተት ምዘናው ቀላል ነው፤ ልጆቹ መታለብ በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ውጤቱ መታየት ይጀምራል። የዕድሜ ምዘና ግን በባሕርይው አዝጋሚ ነው። አንዲት ላም ምን ያህል እንደቆየች በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከበረት ስትወጣ ብቻ ነው። ሁሉም ልጆች እስኪወጡ ቢጠበቅ አባትየው ያረጃል፤ አባለዘሩም ያልቃል። ስለዚህ መዛኞቹ በሕይወት ያለችውን ላም «እስከ ዛሬ ቆይታለች፤ ገናም ትቀጥላለች» በሚል በስሌቱ ውስጥ የሚያስገቡ የስታቲስቲክስ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። ከዚህም ሌላ የዕድሜን ርዝመት ቀድመው የሚጠቁሙ ነገሮችን ይመለከታሉ። በወተት ውስጥ ያለው የነጭ ደም ሕዋስ ብዛት፣ ጡቷ ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ፣ የእግሯ አቋምና ከወለደች በኋላ እንደገና ለመፅነስ የሚፈጅባት ጊዜ ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። በላሞች መካከል ከሚታየው የዕድሜ ልዩነት ውስጥ በዘር ውርስ የሚመጣው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው የመኖ፣ የመኝታ፣ የበሽታ፣ የአያያዝና የባለቤቱ ውሳኔ ውጤት ነው። ታዲያ ለምን ይለካል? አንድ ኮርማ በሰው ሠራሽ ዘዴ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ስለሚወልድ ትንሿም ልዩነት በመንጋው ላይ ትደመራለች፤ ደግሞም ለመኖ የወጣ ገንዘብ በየዓመቱ እንደገና መውጣት ሲኖርበት፣ በዘር የተገኘ መሻሻል ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ጥሩ የዕድሜ ቁጥር ያለው ኮርማ መረጥን ተብሎ መኖና ሕክምና ቸል ቢባል ግን ከመቶው ዘጠና እጅ የሚሆነውን ጥሎ ዐሥሩን ማንሣት ይሆናል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ላም ከበረት የምትወጣው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ወተቷ አነስተኛ በመሆኑ ባለቤቷ ፈቅዶ ሲያስወጣት ነው። ሁለተኛው ባለቤቷ ሊያቆያት እየፈለገ በሕመም ወይም በመካንነት ምክንያት ስታመልጠው ነው። ለአርቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛውን ማወቅ ነው፤ በርካታ አገሮችም የወተቱን ልዩነት ከስሌቱ አውጥተው ይህን ብቻ ለመለካት ይሞክራሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛሉ። ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ቢመስልም፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ የአንዱ አገር ቁጥር ከሌላው ጋር በቀላሉ እንዳይነጻጸር ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የኮርማ አባለዘር ድንበር ተሻግሮ መሸጥ ሲበዛ፣ የካናዳን ኮርማ ከፈረንሳይ ወይም ከጃፓን ኮርማ ጋር የሚያነጻጽር ገለልተኛ አካል ማስፈለጉ አልቀረም። ለዚህም ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምዝገባ ኮሚቴ (አይካር)፣ የአውሮፓ የእንስሳት ምርት ማኅበርና ዓለም አቀፉ የወተት ፌዴሬሽን በጋራ እ.ኤ.አ. በ1983 ኢንተርቡል የተባለውን ተቋም መሠረቱ። የስሌት ማእከሉ ከ1991 ጀምሮ በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ፣ በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ አባል አገር የራሱን ኮርማዎች በራሱ ዘዴ መዝኖ ውጤቱን ወደ ማእከሉ ይልካል፤ ማእከሉም አዋሕዶ በኤፕሪል፣ በኦገስትና በዲሴምበር ይመልሳል። ምዘናው የሚሠራው ለሆልስታይን፣ ለጀርሲ፣ ለብራውን ስዊስ፣ ለሲመንታል፣ ለገርንዚና ለቀይ የወተት ዝርያዎች ነው። ሥራው በወተት ተጀመረ፤ የዕድሜ ርዝመት የተጨመረው በ2004 ነው።

ማእከሉ የሚጠቀምበት ዘዴ በካናዳዊው ሳይንቲስት ላሪ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበ ነው። የዘዴው እምብርት አንድ ቀላል ግን ትልቅ ሐሳብ ነው፤ በአንድ አገር የተለካ ባሕርይ በሌላ አገር ከተለካው ጋር አንድ ነው ተብሎ አይታሰብም። በኒውዚላንድ መስክ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትግጥ ላም ዕድሜና በአሜሪካ ጣሪያ ሥር በተዘጋጀ መኖ የምትኖር ላም ዕድሜ እንደ ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ይቆጠራሉ። በሁለቱም አገሮች ልጆች ያሏቸው ኮርማዎች ድልድይ ሆነው ሁለቱ ባሕርያት ምን ያህል እንደሚዛመዱ ያሳያሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ኮርማ አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ሳይሆን ለየአባል አገሩ በዚያ አገር መለኪያ የተሰላ ቁጥር ይሰጠዋል። በአንዱ አገር መለኪያ አንደኛ የሆነ ኮርማ በሌላው ሠላሳኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የስሌት ስሕተት አይደለም።

በወተት ረገድ በአገሮች መካከል ያለው ዝምድና ከፍተኛ ነው። በዕድሜ ረገድ ግን በግልጽ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ምክንያት መለኪያው ራሱ መለያየቱ ነው፤ አሜሪካ በወር ትቆጥራለች፣ ኔዘርላንድስ በቀን፣ ጀርመንና የኖርዲክ አገሮች አማካዩ 100 በሆነ ነጥብ። ሁለተኛው የአያያዙ ልዩነት ነው። በኒውዚላንድና በአየርላንድ ላሞች ሁሉ ሣሩ በሚለመልምበት ወቅት እንዲወልዱ ስለሚደረግ፣ በተወሰነው ጊዜ ያልፀነሰች ላም ጤነኛ ብትሆንም ትወጣለች። ዓመቱን ሙሉ በሚወለድበት አገር ያቺው ላም አንድ ወር ዘግይታ ፀንሳ ትቀጥል ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከላሟ አካል ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ነው። በአውሮፓ ከ1984 እስከ 2015 ድረስ የወተት ኮታ ሥርዓት ስለነበር፣ ኮታው የሞላበት አርቢ ጤነኛ ላም የሚያስወጣበት ጊዜ ነበር። ኔዘርላንድስም በ2017 የፎስፌት ልቀትን ለመቀነስ ባወጣችው ዕቅድ ምክንያት አርቢዎች የላሞቻቸውን ቁጥር ቀንሰዋል። እነዚያ ላሞች የወጡት ሰኮናቸው ታሞ ወይም ጡታቸው ተበላሽቶ ሳይሆን በሕግ ምክንያት ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን እንደማንኛዋም የወጣች ላም «ወጣች» ተብሎ ይጻፋል። መዛኞቹ ይህን ለማስተካከል ይጥራሉ፤ ሆኖም የዕድሜ ቁጥር የላሟን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የገበያውንና የፖሊሲውንም ታሪክ ተሸክሞ እንደሚመጣ መርሳት አይገባም።

ካታሎግ ለሚያነብ ሰው አሁን አሁን የሚገጥም አንድ ግራ መጋባት አለ። አሜሪካ በየአምስት ዓመቱ የምዘናዋን መነሻ ትቀይራለች። የመጨረሻው ለውጥ የተደረገው በኤፕሪል 2025 ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዜሮ ተብሎ የሚያዘው እ.ኤ.አ. በ2020 የተወለዱ ላሞች አማካይ ነው። አዲሶቹ ላሞች ከቀድሞዎቹ የተሻሉ በመሆናቸው መነሻው ከፍ አለ፤ በዚህም የተነሣ የሆልስታይን ኮርማዎች የምርት ዕድሜ ቁጥር በአንድ ቀን ዝቅ ብሎ ታየ። ኮርማዎቹ አልተለወጡም። ከዚያ በፊት የታተመ ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር ከዚያ በኋላ ከታተመው ጋር ያነጻጸረ ገዢ ግን አሮጌው ኮርማ ብልጫ ያለው ይመስለዋል። ስለሆነም የአባለዘር ግዢ የሚፈጽሙ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና የግል እርባታ ድርጅቶች በቅድሚያ የካታሎጉን የምዘና ወርና ዓመት ሊያረጋግጡ ይገባል።

ከቁጥሩ ጎን በመቶኛ የሚጻፈው የአስተማማኝነት መጠንም አብሮ መነበብ አለበት። አሜሪካ በዘረመል ናሙና ላይ የተመሠረተውን ምዘና በይፋ ከጀመረችበት ከ2009 ወዲህ፣ አንድ ወይፈን ገና ሴት ልጆቹ ሳይወለዱ የዕድሜ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ይህ ጊዜ የሚቆጥብ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁጥር ትንበያ ነው፤ ልጆቹ በብዙ መንጋዎች ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ወልደው የታዩለት ኮርማ ቁጥር ደግሞ ምስክር ያለው ነው። በካታሎግ ላይ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ተደርድረው ይቀርባሉ፤ የሚለያቸው የአስተማማኝነቱ መቶኛ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሆልስታይን ፍሪዝያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእርዳታ መልክ መሆኑ ይታወሳል። ዛሬ በማዳቀል አገልግሎት የሚሰራጨው አባለዘር ከሁለት ምንጭ ይገኛል። አንደኛው በአገር ውስጥ፣ በቃሊቲ በሚገኘው ማእከል ከሚያዙ ኮርማዎች የሚመረተው ነው፤ ሁለተኛው ከውጭ የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ የራሷን የኮርማ ምዘና ወደ ኢንተርቡል የምትልክ አገር ባለመሆኗ በኡፕሳላ የሚወጣው ውጤት የኢትዮጵያ መለኪያ የሚባል ዓምድ የለውም። በሌላ አነጋገር፣ የአሜሪካው ኮርማ «ልጆቹ ከአማካዩ አራት ወር ይበልጥ ይቆያሉ» ሲባል በአሜሪካ መንጋ፣ በአሜሪካ መኖ፣ በአሜሪካ የማስወጣት ልማድ ማለት ነው። ያንኑ ኮርማ በቢሾፍቱ፣ በሰላሌ ወይም በባሕር ዳር ዙሪያ ከቦረና ወይም ከፎገራ ዝርያ ላም ጋር ስናዳቅለው አራቱ ወር ስድስት ይሁን ዜሮ የሚነግረን ስሌት የለም።

ቁጥሩ በዚህ ምክንያት ይጣል ማለት አይደለም። በአገሮች መካከል ያለው ዝምድና ዝቅ ይላል እንጂ አልጠፋም፤ ልጆቹ በየሄዱበት በፍጥነት የሚወጡበት ኮርማ በእኛ ዘንድ በተለየ ሁኔታ ይጸናል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም። ስለሆነም የተሻለው ምርጫ በአንድ አገር መለኪያ ብቻ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ኮርማ ሳይሆን፣ ልጆቹ በብዙ አገሮች ተመዝነው በሣር ግጦሽም በበረት አያያዝም መለኪያ ከአማካይ በላይ ሆኖ የተገኘው ነው። ለዚህ ሲባል ከወተቱ ቁጥር ጥቂት መተው ካስፈለገ መተው ያዋጣል። ከዕድሜው ቁጥር ጋር የሴት ልጆቹን የመፅነስ ችሎታና የጡት ጤንነት ማየት ተገቢ ነው። የልጆቹ ቁመናም ቸል ሊባል አይገባም፤ ግዙፍ ላም ወተት ከመስጠቷ በፊት ለራሷ ሰውነት ብዙ መኖ ትፈልጋለች፣ መኖ ባጠረ ጊዜም መጀመሪያ የምታጣው የመፅነስ ችሎታዋን ነው።

ከኮርማው ምርጫ በላይ የሚመዝነው የደም መጠን ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ1987 ያሳተመው ከልዩ ልዩ የሐሩር አገሮች የተሰበሰበ ጥናት፣ የውጭው ደም እስከ ግማሽ ሲደርስ ጥቅሙ በየደረጃው እንደሚጨምር፣ ከግማሽ በላይ ሲሆን ግን ወጥ የሆነ ተጨማሪ ጥቅም እንደማይታይ አመልክቷል። ሰባ አምስት ከመቶና ከዚያ በላይ የውጭ ደም ያላት ላም መኖው፣ ሕክምናውና ጥላው የተሟላ ከሆነ ታተርፋለች። ሁለት ላም ይዞ መኖ በኩንታል እየሸመተ ለሚኖር ቤተሰብ ግን የትኛውም የኡፕሳላ ቁጥር የደም መጠኑን ከልክ በላይ ማሳደግ የሚያመጣውን ጉዳት አይመልስለትም።

የአገራችን ትልቁ ክፍተት የኮርማ እጥረት ሳይሆን የመዝገብ እጥረት ነው። በአገራችን አንዲት የወተት ላም ከአርቢው እጅ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ ወደ ቄራ አትሄድም፤ ለሌላ አርቢ ትሸጣለች። ገንዘብ አስፈልጎ፣ መኖ ተወድዶ ወይም በከተማ የበረት ቦታ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ላሟ በአዲሱ ቤት ሌላ አምስት ዓመት ብትታለብም በቀድሞው መዝገብ ላይ ታሪኳ እዚያው ይቆማል፤ አዲሱ ባለቤትም አባቷ ማን እንደሆነ አያውቅም። በዚህ ሁኔታ የየትኛው ኮርማ ልጆች በእኛ አየርና በእኛ መኖ እንደሚጸኑ ማወቅ አይቻልም። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የተጀመረው የአፍሪካ የወተት ከብት ዘረመል ማሻሻያ መርሐ ግብር ከአነስተኛ አርቢዎች ቤት በዲጂታል መንገድ መረጃ እየሰበሰበ የዘረመል ምዘና መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ወተትን በአንድ ቀን መለካት ይቻላል፤ ዕድሜን ለመለካት ግን ላሟን ከጊደርነቷ እስከ መጨረሻዋ መከተል ያስፈልጋል፤ ያንን ደግሞ ከባለቤቷ በቀር የሚችል የለም።

በመሆኑም አገልግሎት የሚፈልጉ አርቢዎች ላማቸው በምትዳቀልበት ቀን አዳቃይ ባለሙያው የተጠቀመበትን የኮርማ ቁጥር ጠይቀው እንዲያስመዘግቡ ይመከራል። ቁጥሩ በስትሮው ላይ ታትሞ ስለሚገኝ በቀላሉ ይታያል። የላሟን የጆሮ ቁጥር፣ የተዳቀለችበትን ቀን፣ የኮርማውን ቁጥርና የወለደችበትን ቀን በአንድ ደብተር መያዝ በቂ ነው። ይህ ደብተር ለባለቤቱ ወዲያውኑ የሚሰጠው ጥቅምም አለ፤ የጊደሯ አባት ከታወቀ በዚያው ኮርማ አባለዘር እንዳትዳቀልና የሥጋ ዘመዳሞች መራባት የሚያስከትለው ጉዳት እንዳይደርስ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ይቻላል። ላሟ ስትሸጥ፣ ስትሞት ወይም ስትታረድ ደግሞ ቀኑንና ምክንያቱን መጻፍ ያስፈልጋል። «አልፀነሰችም»፣ «ጡቷ ታመመ»፣ «መኖ ተወደደ» የሚለው አንድ መስመር ለምዘና ከወተቱ ሊትር ያላነሰ ዋጋ አለው፤ በሕመም የወጣችውን ለትምህርት ቤት ክፍያ ከተሸጠችው የሚለየው እርሱ ብቻ ነውና።

ከአገር ውስጥ ኮርማ ለተገኘ አባለዘር የዕድሜ ቁጥር የተጻፈበት ካታሎግ አይጠበቅም። በዚህ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው የኮርማው እናት ስንት ጊዜ ወለደች፣ በስንት ዓመቷ ከመንጋ ወጣች የሚለው ነው። የኮርማው አባት በውጭ አገር የተመዘነ ከሆነ የእርሱ ቁጥር በግማሽ ያህል ለልጁ ፍንጭ ይሰጣል። ላም ወይም ጊደር የሚገዙም ዜጎች ስለ ወተቷ ከመጠየቃቸው በፊት ደብተሯን ቢጠይቁና ሻጩም ደብተሩን ከላሟ ጋር ቢያስረክብ፣ የጆሮ ቁጥሯ ሳይቀየር በአዲሱ ባለቤት ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ብትመዘገብ፣ የታሪኳ ሰንሰለት ሳይበጠስ ይቀጥላል።